ባልንጀራን መውደድ በኮንዶሚኒየም ኑሮ፦ ከየት ይጀመራል?

«ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለውን ትእዛዝ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ታክሲ ውስጥ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይም ተሰቅሏል። ጭንቁ የሚመጣው በአዘቦት ቀን ነው። ውሃ በፈረቃ በምትመጣበት ብሎክ ላይ፣ ከላይ ያሉት ሌሊት ወንበር ሲጎትቱ፣ ከታች ያለው ሰውዬ መኪናውን መግቢያው ላይ ገትሮ ሲሄድ፣ ይህ ትእዛዝ ምን አድርጉ ነው የሚለን?

መልሱ ትእዛዙ በተጻፈበት ምዕራፍ ውስጥ አለ። ዘሌዋውያን 19ን ክፈቱ። ቁጥር 18ን ቆርጠን ስለያዝነው እንጂ ዙሪያው በሙሉ ሥራ ነው። የሠራተኛህን ደመወዝ አታሳድር ይላል፣ ቁጥር 13። በዓይነ ስውር ፊት እንቅፋት አታስቀምጥ፣ ቁጥር 14። በሐሜት አትዙር፣ ቁጥር 16። ስታጭድ የእርሻህን ዳርቻ ለድሃና ለመጻተኛ ተው፣ ቁጥር 9 እና 10። ሚዛንህን አታጭበርብር፣ ቁጥር 35 እና 36። አንዱም ቦታ ላይ ስለ ደስ የሚል ስሜት አልተጻፈም። ጎረቤታችሁ ሳይጥማችሁም ትእዛዙን መፈጸም ይቻላል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። መጀመሪያ ማስቸገር ይቆማል፤ ቀጥሎ ዕዳ ይከፈላል፤ መስጠት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ከመስጠት ስለምንጀምር ነው ነገሩ የሚበላሽብን። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሲሆን እጁ የማያጥር ሰው የብሎኩን ዘበኛ መዋጮ ሦስት ወር ሲያሳድር አይተናል።

1. ማስቸገር አቁሙ

ጳውሎስ በሮሜ 13:10 «ፍቅር ለባልንጀራው ክፉ አያደርግም» ይላል። ዝቅተኛው መስፈርት ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው።

ቤታችሁን እንደ ጎረቤት ሆናችሁ አዳምጡት። ቡና የምትወቅጡት ባዶ ወለል ላይ ከሆነ ከሥር ያለው ቤት ጣሪያው ይርዳል። ሙቀጫው ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ወፍራም ምንጣፍ አድርጉ። የወንበር እግር ላይ ጎማ ወይም ጨርቅ ይለጠፋል። ልብስ ጨምቃችሁ ስጡ፤ የእናንተ ውሃ ከታች የተሰጣውን ነጠላ መልሶ ያርሰዋል። በግ የሚታረደው ኮሚናሉ (የጋራ መገልገያ ቤቱ) ውስጥ እንጂ ደረጃው ላይ አይደለም፤ ደሙንና ፈርሱን ማጠብ ደግሞ የአራጁ ሳይሆን የባለበጉ ሥራ ነው።

አሁን ወደሚያጣላው ነገር እንምጣ። መዝሙር። እሁድ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ስፒከር ከፍቶ ብሎኩን ሁሉ «መባረክ» መልካም ሥራ የሚመስለው ሰው አለ። መጽሐፈ ምሳሌ 27:14 ስለዚህ ሰው ተጽፎለታል፦ ማልዶ በታላቅ ድምፅ ባልንጀራውን የሚባርክ እንደሚራገም ይቆጠርበታል። ሌሊት ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ ሊሆን ይችላል። ድምፁን ቀንሱት፤ እግዚአብሔር በዝግታም ይሰማል።

ቤታችሁ ሌላውን ያስቸግር እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ጠይቁ። ግን አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቁ። «የምናስቸግራችሁ ነገር አለ?» ካላችሁ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ኧረ ምን በወጣችሁ!» ይሉኝታ አለ። እንዲህ በሉ፦ «እትዬ፣ ልጆቹ ማታ ሲሮጡ እናንተ ቤት ድረስ ይሰማል አይደል? ከስንት ሰዓት በኋላ ብናስቆማቸው ይሻላል?» ያን ጊዜ ትንሽ ፈገግ ይሉና «እንግዲህ ከጠየቅሽኝ ዘንዳ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ...» ብለው ይጀምራሉ። ጥያቄው ችግሩን አስቀድሞ ካመነ መልስ ሰጪው አይሳቀቅም።

ሐሜትም ማስቸገር ነው። የቡና ወሬ እንደሆነ አይቀርም፤ ሰው ከሰው ጋር ሲቀመጥ ስለ ሰው ያወራል። አንድ ድንበር ግን አብጁ፦ ጎረቤት በምስጢር የነገረቻችሁ በሽታ፣ የትዳር ችግርና የገንዘብ ጉዳይ ለጸሎትም ተብሎ አይወራም። «ለእከሊት ጸልዩላት፣ ባሏ እኮ...» የሚለው ሐሜት ነጠላ ስለለበሰ ሐሜትነቱ አይቀርም።

2. የሰው ዕዳ ክፈሉ

ከሁሉ የቀረበች ባልንጀራችሁ ጎረቤት ላትሆን ትችላለች። ከእናንተ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የምታድር የቤት ሠራተኛ ካለች እሷ ናት።

ደመወዟ የሚከፈልበት ቀን ይታወቅ፤ ቀኑ ሲደርስ ሳትጠይቅ ይሰጣት። «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» የሚባለው ነገር ፈቅዳና መዝገብ ይዛ ካልሆነ በቀር ዘሌዋውያን 19:13ን መጣስ ነው። ያዕቆብም በምዕራፍ 5:4 የተቀማ ደመወዝ ይጮሃል ይላል። ቀጥሎ ዕረፍቷን ተመልከቱ። በዘጸአት 20:10 ሰንበት ለባለቤቱ ብቻ አልተሰጠም፤ ሎሌውና ገረዱም ተጠርተዋል። በብዙ ቤት ግን እሁድ ቤተሰቡ ነጭ በነጭ ለብሶ ሲወጣ እሷ ከምድጃ ጋር ትቀራለች። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወጡ ቅዳሜ ማታ ይሠራ። ወይም አንድ እሁድ እሷ፣ አንድ እሁድ ከቤቱ ሌላ ሰው ይቅር። እሷ የምትበላው ከምን እንደሆነ፣ ወደ ቤተሰቧ መቼ እንደምትደውል፣ ስትታመም ማን ሐኪም ቤት እንደሚወስዳት ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ ካሳፈራችሁ ከሌላው እርምጃ ሁሉ በፊት ይሄን አስተካክሉ።

ሌላውን ዕዳ ቶሎ እንለፈው። የዘበኛና የጽዳት መዋጮ በወሩ መጀመሪያ ይከፈል። የሱቁ ዱቤ ይዘጋ፤ ባለሱቁም ዕቃ የሚያመጣው በዚያ ብር ነው። የቀን ሠራተኛ ከቀጠራችሁ ማታ ሳይመሽ ክፈሉት፣ ዝርዝር ብር ቀድማችሁ አዘጋጁ። «ነገ ና» ማለት ለእናንተ አንድ ቃል ነው፤ ለእሱ ግን የዛሬ እራት ነው።

3. ስም ያዙ

«4ኛ ፎቅ ያለችው» ስም አይደለም። በደረጃችሁ ላይ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ አስቡና የማንን ስም እንደማታውቁ ልብ በሉ። ከበዓል ማግሥት ጥሩ አጋጣሚ ነው። ዳቦ ቆርሳችሁ አንኳኩ፦ «እንኳን አደረሳችሁ፣ እኛ ከፊት ለፊት ነን፣ እስካሁን ሳንተዋወቅ ቀረን።» በቃ። ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ።

ከዚያ ቀስ በቀስ የሚታወቅ ነገር አለ። ብቻውን የሚኖር ማን ነው? ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት አለ? ነፍሰ ጡርስ? ልጆቹ ሁሉ ውጭ አገር የሄዱበት? ይሄ ስለላ እንዳይሆን ከራሳቸው አፍ ጠብቁ። «የቀረበ ጎረቤት ከራቀ ወንድም ይሻላል» የሚለው ምሳሌ 27:10 የሚሠራው ስልኩን ስትይዙ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አምቡላንስ ሲጠራ ቶሮንቶ ያለ ወንድም በር አይከፍትም።

4. እርዳታው የተለየ፣ ትንሽና የማይቋረጥ ይሁን

«የሚያስፈልግ ነገር ካለ ንገሩኝ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ተዉአት። ማንም አይነግራችሁም። ያዕቆብ በ2:16 የሚተቸው ሰው «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» ብሎ የሸኘ ነው፤ አማርኛው ያማረ ነው፣ እጁ ግን ባዶ ነው።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በሉቃስ 10 ላይ እንደገና ስታነቡ የሰጠውን ቁጠሩ። ዘይት፣ ወይን፣ መጠቅለያ፣ የራሱ አህያ፣ አንድ ሌሊት፣ ሁለት ዲናር። በማቴዎስ 20 አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ የሁለት ቀን ደመወዝ አወጣ ማለት ነው። ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ደግሞ ቀሪውን ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ በነጋታው መንገዱን ቀጠለ። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ አይሰበክም። ሳምራዊው ሥራውን ጥሎ የቁስለኛው አስታማሚ ሆኖ አልቀረም። ለሚችለው ሰው አደራ ሰጠ፣ ወጪውን ሸፈነ፣ እንደሚመለስም ቃል ገባ። የእናንተም እርዳታ እንደዚህ መጠን ይኑረው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሊፍት በሌለው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ግፊቱ ሲያንስ ውሃ ወደ ላይ አይወጣም። 4ኛ ፎቅ አንዲት አሮጊት ለብቻቸው አሉ እንበል። የውሃው ተራ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው። የሚሠራው እርዳታ ይሄ ነው፦ በተራው ቀን ማታ በራቸው ላይ ሄዶ «እማማ፣ ዛሬ ውሃ አለች፣ ባዶ ጀሪካኖቹን ልውሰዳቸው» ማለት። «ኧረ አንተን ማስቸገር...» ይላሉ። «ለራሴም ልቀዳ ነው የምወርደው» በሏቸው። ሁለት ጀሪካን ቀድቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በሩ ላይ ሳይሆን ምድጃው አጠገብ ማድረስ። ሃያ ሊትር በር ላይ ጥሎ መሄድ ለሳቸው ግማሽ እርዳታ ነው። የሚከብዳቸው እሱን ወደ ውስጥ መጎተቱ ነው። ከዚያ ማክሰኞ ሁሉ እንዲሁ። አንድ ጊዜ ተሸክሞ መጥፋት ከጭራሹ ካለማድረግ ይብሳል፤ ሌላ ሰው ለመለመን ሳይወጡ እናንተን ይጠብቃሉና።

በዚህ ዓይነት ለራሳችሁ የሚሆነውን ምረጡ። የመብራት ካርድ ማስሞላት። ልጆቻቸው በቪዲዮ ሲደውሉ ስልኩን መክፈት። የጎረቤትን ልጅ ከራሳችሁ ጋር ትምህርት ቤት ማድረስ። ለአራሷ አጥሚት ማፍላት፤ ጾም የምትጾም ከሆነ ቅቤ ሳይገባ በፊት ጠይቋት። ሁሉንም አንድ ላይ አትጀምሩ፤ ሁለቱ ከበቂ በላይ ናቸው።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ከእርሻው ዳርቻ ተማሩ። ገበሬው ያጨደውን ሁሉ ጎተራ ከትቶ የተረፈውን እንዲሰጥ አልታዘዘም። ዳርቻውን መጀመሪያውኑ እንዳያጭደው ነው የተባለው። ደመወዝ የገባ ዕለት ይህን ያህል ብሎ ለይቶ ማስቀመጥ ነው እንግዲህ። ወር መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ነገር እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን።

ስትሰጡ ደግሞ ካሜራው ይቅር። አሮጊት ዱቄት ሲቀበሉ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መጫን ማቴዎስ 6:3 ላይ ካለው የግራና የቀኝ እጅ ነገር ጋር ፈጽሞ አይታረቅም። «ሌላው እንዲነሳሳ ነው» የሚለው ምክንያት አያሳምነኝም። የሚነሳሳው ሰው የተቀባይዋን ፊት ማየት አያስፈልገውም።

5. ሲታመሙና ሲያዝኑ

ሕዝባችን በዚህ ጎበዝ ነው፤ ግን ጉብዝናችን መጀመሪያው ሳምንት ላይ ይከማቻል።

ሆስፒታል ስትሄዱ ከበሽተኛው ይልቅ አስታማሚዋን እዩ። ሦስት ሌሊት ወንበር ላይ ያደረች ልጅ ብርቱካን አያስፈልጋትም፤ እንቅልፍ ነው የሚያስፈልጋት። «ዛሬ ሌሊት እኔ አድራለሁ፣ አንቺ ቤት ገብተሽ ታጠቢና ተኚ» በሏት። ጋቢ፣ ፔርሙዝ፣ ሶፍትና የስልክ ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ። መድኃኒት የት እንደሚገዛ፣ የታዘዘው ምን እንደሆነ፣ ሐኪሙ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚያይ ጠይቃችሁ ጻፉ። ልትጠይቁ ብቻ ከሆነ የሄዳችሁት አሥር ደቂቃ ይበቃል። አልጋው ላይ አትቀመጡ። ምግብ ከመውሰዳችሁ በፊት ጨውና ስኳር የተከለከለ እንደሆነ እወቁ። «የአክስቴም ልጅ በዚሁ ነው የሞተችው» የሚለውን ታሪክ ደግሞ እባካችሁ ለሌላ ቀን።

ጠበል ለሚጠመቅ በሽተኛ መድኃኒቱን እንዲተው አትምከሩት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። በሌላው ቤተ እምነትም «እምነት ካለህ ክኒኑን ጣለው» የሚል ካለ ባልንጀራውን እየወደደ አይደለም።

ለቅሶ ሲሆን ወጉን ታውቁታላችሁ። መርዶው በሽማግሌና በቅርብ ሰው ይነገራል እንጂ በስልክ አይደለም። እድሩ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ያመጣል፤ ጎረቤት ምግብ ያመጣል። ተቀምጦ ዝም ማለትም ሥራ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በቂ ነው። ልጅ ለሞተባት እናት «ሌላ ትወልጃለሽ» አይባልም፤ ለማጽናናት ብላችሁም ቢሆን አትሞክሩት።

ሰልስት ካለፈ በኋላ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰውም ይበተናል። የእናንተ ተራ ያኔ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ወረዳ ሄዳ የሞት ምስክር ወረቀት ማውጣት አለባት። የጡረታ ጉዳይ አለ፣ የባንክ ጉዳይ አለ። ከመስኮት ወደ መስኮት ስትመላለስ በየመስኮቱ «ሟች ምንሽ ነው?» እየተባለች ትጠየቃለች። አብሯት የሚሄድ አንድ ሰው ሲኖር ወረቀቱን እሱ ይይዛል፣ ወረፋውን እሱ ይጠብቃል፣ ጥያቄውንም በከፊል እሱ ይመልሳል። በስልካችሁ ላይ ሦስተኛ ሳምንቱን፣ አርባውንና የመጀመሪያውን በዓል ምልክት አድርጉበት። በዓል ዋዜማ ላይ አንድ ሰው «ነገ ከእኛ ጋር ነሽ» ሲላት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

6. ብር ሲበደር

አጭር ነው። ባይመለስ የማያጣላችሁን ያህል ብቻ አበድሩ። ከዚያ በላይ ከተጠየቃችሁ «ይህን ያህል የለኝም፣ ይህችን ግን እንደ ስጦታ ያዛት» በሉ። «ነገ እደውልልሃለሁ» ብሎ ስልክ መዝጋት ነውር ነው። ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ስጡ፤ ምሳሌ 3:28 በእጁ እያለ «ነገ ና» የሚለውን ሰው ይከለክላል። ስትሰጡ ምክር አታክሉበት። ተበዳሪው ስለ ገንዘብ አያያዝ ለመማር አልመጣም።

7. እምነቱ የተለየ ጎረቤት

ኢየሱስ «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ሲባል የመረጠው ሰው ከጠያቂው ጋር አብሮ የማይሰግድ ሳምራዊ ነበር። ስለዚህ ሙስሊሙ ጎረቤታችሁ፣ ወይም ሌላ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ጎረቤታችሁ፣ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አይደሉም።

ተግባሩ ቀላል ነው። ሥጋ ላይ መለያየታችንን አክብሩ። ሙስሊም ጎረቤት ስትጋብዙ ቡና፣ ዳቦ፣ ቆሎና የጾም ወጥ ማንንም አያሳቅቅም። የሥጋ ድግስ ካላችሁ በእነሱ ሰው የታረደና በሌላ ዕቃ የተሠራ ይዘጋጅ። በረመዳን የአፍጥር ሰዓት ላይ ስብሰባ አትጥሩ። በዒድ ቀን እንኳን አደረሳችሁ በሉ። ለቅሶ ድረሱ፤ ቀብራቸው ቶሎ ስለሚፈጸም «ነገ እሄዳለሁ» ካላችሁ አትደርሱም። የብሎኩ ስብሰባ ላይ ሰው በእምነቱ ወይም በብሔሩ ሲነካ ደግሞ ዝም አትበሉ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ «ይሄ ነገር ትክክል አይደለም፣ ወደ አጀንዳው እንመለስ» በቂ ነው።

8. የተጣላችሁትን ሰው

ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። በመኪና ማቆሚያ፣ በልጆች ጠብ ወይም በውሃ ተራ ተኮራርፋችሁ ዓመት ያለፋችሁ ጎረቤት አለ። ደረጃ ላይ ስትገናኙ ሁለታችሁም ስልክ ታያላችሁ። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል እርስ በርስ እጅ ትነሳላችሁ። እሱ ግን ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ ቆሟል። ማቴዎስ 5:24 መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ነው የሚለው።

የማቴዎስ 18:15 ቅደም ተከተል ይሠራል። መጀመሪያ ብቻችሁን ሂዱ። ባለቤታችሁንም፣ ምስክርም አትያዙ። በበዓል ቀን አትሂዱ፤ እንግዳ ፊት ሰው ልቡን አይከፍትም። የሥራ ቀን ማታ፣ ከእራት በኋላ ይሻላል። የራሳችሁን ድርሻ ብቻ ይዛችሁ ግቡ፦ «ጋሼ፣ ያን ቀን በልጆቹ ፊት መጮሄ ልክ አልነበረም። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።» እዚህ ላይ ነጥብ አድርጉ። «ግን እርስዎም...» የምትለዋ ቃል ከወጣች መምጣታችሁ ሁሉ ለክርክር እንደመጣችሁ ይቆጠራል። የሳቸውን ድርሻ ራሳቸው ያንሱት፤ ካላነሱትም ይቅር።

ካልሆነ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል። የእናንተን ወገን ብቻ አትምረጡ፤ አንዱ እሳቸው የሚያከብሩት ሰው ይሁን፣ ምርጫውንም ለእሳቸው ተዉት። ሽማግሌዎቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ለየብቻ ያነጋግሯችሁ። ጉዳዩ ላይ ጉዳት ካለ፣ ለምሳሌ የተሰበረ መስታወት ወይም ያልተከፈለ ገንዘብ፣ ካሳው ከይቅርታው ጋር አብሮ ይቆረጥ። ካልተከፈለ ነገሩ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይነሳል። ሰውየው የሚያስፈራራ ወይም የሚማታ ከሆነ ግን ብቻችሁን አትሂዱ። ነገሩን ለብሎክ ኮሚቴውና ለፖሊስ አሳውቁ። ዘሌዋውያን 19:18 በቀልን ይከለክላል እንጂ አቤቱታን አልከለከለም።